የተፋቀው ቁጥር

በረዶው መጀመሪያ እንደ ጥሬ ጨው ነበር። መስታወቱ ላይ እየተንጣጣ ይረግፋል፤ መጥረጊያው ጠርጎት ሳይጨርስ ሌላው ይተካል። አቶ ለገሰ መኪናቸውን ከኪንግ ስትሪት ወደ ዋሽንግተን ስትሪት አጠፉና ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ሬዲዮውን ከፈቱ። የትራፊክ ዜና የሚያነበው ሰውዬ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከሰዓቱ አስቀድሞ መለቀቁን ይናገራል።

«ሁሉም ባንዴ ሊወጣልሽ ነው» አሉ። «ከተማ ውስጥ ከምንታገል በወንዙ ዳር ባለው ፓርክዌይ ሽቅብ እንውጣና ቀለበት መንገዱ ቤልትዌይ እንግባ። ሳይጨልም ሲልቨር ስፕሪንግ ነን።»

«እሺ ጋሼ» አለች ስሂን።

ጥር አሥራ ስምንት ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ልክ ሳምንቱ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ሱቅ ያለው ሁሉ መዝጊያውን እያወረደ ነው። ስሂን ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን የእንጨት ሳጥን በሁለት እጇ ይዛዋለች። የሳጥኑ ክብደት ጉልበቷን አደንዝዞታል፤ ግን ወደ ኋላ ወንበር ላድርገው ብትል አቶ ለገሰ እንደማይፈቅዱ ታውቃለች።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የሮማውያን ብር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቅዳሴ ላይ ስሙን ስትሰማው የኖረችው ዲናር፣ የቄሣር መልክ ያለበት። አቶ ለገሰ ለሰው ሁሉ እንደሚያወሩት፣ ከዳኑብ ወንዝ ማዶ አንድ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ማሰሮ ይመታል። ማሰሮው ይሰበራል፤ ከላይ የነበረው ብር ይበታተናል፤ ከሥር ያለው ግን በአረንጓዴ ዝገት ተጣብቆ የጎመን ራስ የሚያህል ጓል ሆኖ ይወጣል። ያ ጓል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ባለፈው ክረምት አሌክሳንድሪያ እሳቸው ሱቅ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ የስሂን ሥራ እሱ ብቻ ነበር። ከሱቁ ሥር ባለው መስኮት የለሽ ክፍል ውስጥ፣ በማጉያ መነጽር እያየች፣ በመርፌና በቀጭን እንጨት ዝገቱን እያላላች ብሩን አንድ በአንድ ታላቅቀዋለች። አንዱ ሲላቀቅ ጢሙን ያንዠረገገ ንጉሥ ብቅ ይላል። ሌላው ሲላቀቅ ጸጉሯን እንደ ሹሩባ የተሠራች እቴጌ። ግማሹ ብር ተሰንጥቋል፤ ግማሹ ጠርዙ ተቆርሷል፤ ጨርሶ እንክትክት ያለውም አለ። የዳነውን በየወረቀት ኪሱ ከተተችው። ሊላቀቅ እንቢ ያለው ግን አሁንም ከማሰሮው ቂጥ ጋር እንደ ተጣበቀ በጥጥ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል።

አቶ ለገሰ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህንን ስሂን ለማንም ትመሰክራለች። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ለትምህርት መጥተው፣ መኪና ማቆሚያ ዘብ ሆነው ሠርተው፣ ከአንድ ሽማግሌ የሳንቲም ነጋዴ ሥር ሙያ ለምደው የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ ናቸው። አዲስ አበባ ለዘመድ ለቅሶ የሄዱ ጊዜ እሷ የምትሠራበትን ሙዚየም ሊጎበኙ ገብተው፣ የዛገ የነሐስ መስቀል ስታጸዳ ቆመው አይዋት። «ይቺ እጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉ። ስፖንሰር ሆነው አስመጧት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው ቤታቸው ምድር ቤቱን ሰጧት። ባለቤታቸው እትዬ ታደለች ከምግባቸው አልለይዋት፣ ከጸሎታቸው አልለይዋት።

ታዲያ ይኸው ሁሉ ነው የከበዳት። የምትሠራው በእሳቸው ሱቅ፣ የምትተኛው በእሳቸው ቤት፣ የምትሳፈረው በእሳቸው መኪና ነው። ግሪን ካርዷ የሚወጣው እሳቸው ባስገቡት ማመልከቻ ነው፤ ካልወጣ ደግሞ እህቷ ዘንድ ትታት የመጣችው ልጇ ሳሌም አትመጣም። ሳሌም ስትለያት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። አሁን ስልክ ላይ ድምፅዋ ተለውጧል። ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ ባለፈው ወር «መጨረሻው ላይ ነን፣ ትንሽ ነው የቀረን» ብሏል። የማያስመርር ሰው ውለታ እንዲህ ነው፤ አንገት ላይ ያለውን ገመድ ሐር ያደርገዋል እንጂ አይፈታውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሆቴል ውስጥ ብሩን የሚገዙት ዶክተር ይጠብቋቸዋል። ዶክተሩ ከሩቅ ስቴት የመጡ አሜሪካዊ ናቸው፤ የጥንት ብር መሰብሰብ ያዘወትራሉ፤ ነገ ጠዋት በረራ አላቸው። «ካጸዳችው ሴት አፍ ሳልሰማ አልገዛም» ብለዋል።

«ሁለት ቃል ብቻ ነው» አሉ አቶ ለገሰ፣ አየር ማረፊያውን እያለፉ። ይህንን ከጠዋት ጀምሮ ሲሉት ሦስተኛቸው ይሁን አራተኛቸው። «‹እጄ ሲገባ አፈር ነበረበት፤ ሌላ ምንም ምልክት አላየሁበትም› ትያቸዋለሽ። በቃ። ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ የምናገረው።»

ስሂን በመስኮቱ ወደ ፖቶማክ ወንዝ አየች። ወንዙ ጠፍቷል፤ ነጭ ብቻ ነው።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

ኪ ብሪጅ የተባለውን ድልድይ አልፈው መንገዱ ወደ ጫካው ሲወጣ ያ ጨው የመሰለው በረዶ መልኩን ለወጠ። የተባዘተ ጥጥ ከሰማይ የተደፋ ይመስል ጅምላውን ይወርድ ጀመር። ከፊታቸው ያሉት መኪኖች ቀይ መብራት ሰፍቶ፣ ደብዝዞ፣ ከዚያ መኪኖቹ ቆሙ። አቶ ለገሰ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ትንሽ ተንሸራቶ አረፈ። በግራቸው የድንጋይ ገደል ነው። በቀኛቸው ከወገብ የማያልፍ የካብ አጥርና ከሥሩ ፖቶማክ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም መውጫ የሌለበት ቦታ ነበር።

ድንገት ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ አለና ነጎደ።

«በስመ አብ!» አሉ አቶ ለገሰ። «በረዶ ውስጥ መብረቅ? ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር አላየሁም።»

ወዲያው ከፊታቸው፣ መኪኖቹ ካሉበት ራቅ ብሎ፣ የሆነ ነገር ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ዛፍ ነበር። በረዶው ቅርንጫፉን አክብዶት ከነሥሩ መንገዱ ላይ ተጋደመ። ሬዲዮው ስለ ሌላ መንገድ ያወራል፤ ስለነሱ ግን አንድም ቃል የለም።

ብዙ ተቀመጡ። ጨለመ። ሰዎች ከመኪናቸው እየወረዱ፣ በሩን ቆልፈው፣ በካቡ ጥግ ጥግ በእግራቸው ሲሄዱ ይታያሉ። አቶ ለገሰ ማሞቂያውን ከፍ አደረጉ። ዶክተሩ ደውለው ነበር፤ እሳቸውም «መንገድ ላይ ነን፣ አይሂዱብን» ብለዋቸዋል። ስልኩን ዘግተው መሪውን በጣታቸው መምታት ያዙ።

«ምን ሆነሻል?» አሉ ቆይተው። «ከሳምንት ወዲህ ሰው አልመስል ብለሻል። ታደለችም ታዝባሻለች።»

ስሂን ነገሩን በሆዷ ይዛ ዶክተሩ ፊት ልትደርስ ነበር ያሰበችው። እዚያ ስትደርስ እግዜር ያሳየኛል ብላ። አሁን ግን የምትሸሽበት በር የለም፤ በሩ ቢከፈትም በረዶ ነው።

«ጋሼ፣ ማረሻ አይደለም የሰበረው» አለች።

«ምኑን?»

«ማሰሮውን። ብሮቹንም። ስብራታቸውን በማጉያ አይቼዋለሁ። ድሮ የተሰበረ ብር ስብራቱ ላይ ዝገት ይኖረዋል። እነዚህ ውስጣቸው ያበራል። ሰው ነው በመዶሻ የመታቸው፤ በቅርቡ። አፈሩም የተለጠፈው በሙጫ ነው።»

አቶ ለገሰ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሱ።

«ደግሞ የማሰሮው ቂጥ ላይ፣ ገሉ ላይ፣ ጣት የምታህል የቫርኒሽ ምልክት አለች። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ስንት ሺህ ገል ላይ ቁጥር ጽፌአለሁ። መጀመሪያ ቫርኒሽ እንቀባለን፤ በላዩ በቀለም ቁጥሩን እንጽፋለን፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደገና እንቀባዋለን። ይኼም እንደዚያው ነው። ቁጥሩን ፍቀውታል፤ ግን መብራት ከጎን ሲያዩበት የሁለት አኃዝ ጭራ ይታያል። ይኼ የሙዚየም ዕቃ ነው ጋሼ። ከሆነ አገር ሙዚየም የተሰረቀ ነው።»

መጥረጊያው ሄደ፤ መጣ።

«ማን ነው የፋቀው?» አለች ስሂን።

አቶ ለገሰ የመስታወቱን ጉም በእጃቸው መጥረግ ጀመሩ። ጠረጉት፤ ጠረጉት፤ ምንም የሚታይ ነገር ሳይኖር ጠረጉት። ያን ጊዜ መልሱ ገባት። ፍርሃቷ ወደ ሐዘን ተለወጠ። ሰውዬው ተታለው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለላት!

«አንቺ እንዳታይው ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያላየ አይጠየቅም ብዬ።»

«አየሁት።»

«እንግዲያው እንዳላየ ሁኚ! እኔ ከሰው የገዛሁት ነው። የሰረቀው ሌላ፣ የሰበረው ሌላ። ዶክተሩ ባይገዙት ሌላው ይገዛዋል። አንቺ ደግሞ ቁጥር አየሁ ብትይ ማን ይጠየቃል? እኔ። እኔ ስጠየቅ ማመልከቻሽን ማን ይከታተልልሻል? ስሂን፣ ልጄ፣ ልጅሽን አስቢያት እንጂ!»

ልጅሽን ሲሉ በዛቻ አልነበረም። በልመና ነበር፤ እሱ ነው ይብስ ያስጨነቃት። ራሷን ያማት ጀመር። ግንባሯን የሆነ ነገር ጠፍሮ የያዘው መሰላት። ሙቀቱ ነው ብላ ኮቷን ፈታች። አቶ ለገሰም አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል።

«ጋሼ?»

«እ... ትንሽ ላሸልብ...»

ድምፃቸው ጎልደፍ አለባት። እሷም እጇን አንስታ ልትነካቸው ስትል እጇ የሰው እጅ ሆነባት። ዓይኗን ብትጨፍን እንዴት ደስ ባላት! ያን ጊዜ መስታወቱ በጡጫ ተደበደበ።

«ሞተሩን ኦፍ አድርጉት! ኦፍ! የጭስ ማውጫው ፓይፕ ተቀብሯል፣ ጭሱ ይገድላችኋል!»

በእንግሊዝኛ ነበር የጮኸው፤ ዓይኗ በፍርሃት ተከፍቶ «ወይኔ!» ስትል ግን ወዲያው በአማርኛ ደገመው። ስሂን ቁልፉን ጎትታ ሞተሩን አጠፋች። ሰውዬው በረዶውን በእግሩ እየረገጠ በሩን ፈልቅቆ ከፈተላት። ብርዱ ፊቷን እንደ ጥፊ መታት፤ አየር ግን አየር ነው። ሁለት ሆነው አቶ ለገሰን አወጧቸው። ካቡን ተደግፈው አስመለሳቸው፤ ከዚያ ዓይናቸው ጠራ። መጀመሪያ ያሉት ቃል «ሳጥኑስ?» የሚል ነበር።

ሰውዬው ዋቅጅራ ይባላል፤ የታክሲ ሾፌር ነው። ውድብሪጅ ይኖራል። ከአየር ማረፊያ የጫነው ተሳፋሪ መንገዱ ሲዘጋ ሻንጣውን ይዞ በእግሩ ሄዶበታል። «እኔ በየሰዓቱ እየወጣሁ ፓይፔን ክሊን አደርጋለሁ» አለ። «የእናንተን ሳየው ጭራሽ የለም፣ ግንብ ሆኗል። ኑ፣ ታክሲው ውስጥ ግቡ። ነዳጄ ሙሉ ነው። ፋዘር፣ እርስዎ ከፊት ይሁኑ።»

አቶ ለገሰ ሳጥኑን ለማንም አልሰጡም። ራሳቸው አቅፈውት ከፊት ገቡ። ስሂን ከኋላ ገባች። በፊትና በኋላ ወንበር መካከል ወፍራም ፕላስቲክ አለ፤ ገንዘብ ማስተላለፊያ ቀዳዳ ያለው። የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም። «ይቅርታ እህቴ፣ ሰው ሳይከፍል እየወረደ አስቸግሮኝ ነው» አለ ዋቅጅራ። ስሂን ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቁ አልመጣም።

ዋቅጅራ ተጫዋች ነው። ባለቤቱ እንዳረገዘች፣ አናንዴል ያለው ወንድሙ በየቀኑ ሥራ ቀይር እያለ እንደሚነዘንዘው አወራ። የአቶ ለገሰን ሱቅ ሲሰማ ደስ አለው። «አውቀዋለሁ! መስኮቱ ላይ የአክሱም ሳንቲም ሥዕል ያለበት አይደል? ፈረንጅ ጭኜ በዚያ ሳልፍ ‹የሀበሻ ሱቅ ነው› እላቸዋለሁ። ደረቴን ነፍቼ!» አቶ ለገሰ ፈገግ ብለው አንገታቸውን ደፉ።

የአቶ ለገሰ ስልክ የጮኸው ያኔ ነው።

ዶክተሩ ነበሩ። የሆቴሉ መብራት እንደ ጠፋ፣ መንገዱ ዛሬ የሚከፈት እንደማይመስላቸው ተናገሩ። «ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። ልጅቷ አጠገብዎ ካለች በስልክ ላነጋግራትና ጉዳዩን እዚሁ እንጨርስ። ከተስማማን ብሩን በኋላ ይልኩልኛል» አሉ። አቶ ለገሰ ፊታቸው በራ። ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አድርገው በፕላስቲኩ ቀዳዳ አሳለፉላት። ፊታቸውን አዙረው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያነቃነቁ፣ «ሁለት ቃል» አሏት።

ስሂን ስልኩን ተቀበለች። ስልኩ ከእጃቸው ሞቋል።

ዶክተሩ በትሕትና ሰላምታ ሰጧት። ስለ ሥራዋ አመሰገኗት፤ ፎቶውን አይተው እንደ ተደነቁ ነገሯት። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አሉ። «እጅሽ ሲገባ፣ ከአፈርና ከዝገት ሌላ ያየሽበት ነገር አለ?»

ታክሲው ውስጥ የማሞቂያው እስትንፋስ ብቻ ይሰማል። ዋቅጅራ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ የሆነ ከባድ ነገር መሆኑ ገብቶት ዓይኑን መሪው ላይ ተክሏል። ስሂን ሳሌምን አሰበች። ልጇን አቅፋ፣ ጸጉሯን እያሸተተች፣ በዚህች ውሸት የተገዛ ቤት ውስጥ ስትኖር ታያት። ኑሮው አላስፈራትም። ያስፈራት ሌላ ነው፤ ነገ ሌላ ሳጥን ይመጣል፤ ከነገ ወዲያም ሌላ፤ እሷም ከዚያች መስኮት የለሽ ክፍል አትወጣም። ሁለት ቃል ብቻ ነው ያሉት እውነታቸውን ነው። ለዘለዓለም የሚቆልፉባት ሁለት ቃላት ናቸው።

«አዎ» አለች በእንግሊዝኛ። «ቁጥር ነበረበት። የሙዚየም ቁጥር። ተፍቋል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። እንደዚያ ያለ ቁጥር የምጽፈው እኔ ነበርኩ።»

«የየትኛው ሙዚየም?»

«አላውቅም። ግን የሚያውቀው ሰው አለ። የጠፋበት ሰው።»

«እንግዲያው የምገዛው አይደለም» አሉ ዶክተሩ። ቆይተውም፣ «ስለ ነገርሽኝ አመሰግናለሁ። በሰላም ቤታችሁ ያግባችሁ» ብለው ዘጉ።

ስልኩን በቀዳዳው መለሰችው። የሚቀበላት እጅ አልነበረም፤ ስልኩ ወንበሩ ላይ ወደቀ። አቶ ለገሰ ወደ ፊት ነው የሚያዩት። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲመታ ከኋላ ይታያታል።

«ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» አሉ ቀስ ብለው፤ ለእሷም ለዋቅጅራም አልነበረም። ከዚያ ሳጥኑን አቅፈው በሩን ከፍተው ወጡ።

«ፋዘር! የት ነው? ፋዘር!»

አቶ ለገሰ በረዶውን እየሰነጠቁ ወደ መኪናቸው ሄደው ገቡ። በሩ ሲዘጋ የተከማቸው በረዶ ከጣሪያው ተንዶ ሸፈነው።

ዋቅጅራ ዞሮ በፕላስቲኩ አያት። «ቤተሰብ ናችሁ?»

«አዎ» አለች ስሂን። ሌላ መልስ አላገኘችም።

«ትንሽ ተይያቸው። ይበርድላቸው።»

ተወቻቸው። ግን መብረድ የሚባለው ቃል እንደ ወጉ አልሆነም። ሞተሩ የጠፋ መኪና ነው፤ ማስነሣትም አይችሉ፣ ፓይፑ ተቀብሯል። ቢያስነሡትስ? ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ተነሥታ በሩን ገፋች፤ አይከፈትም። በመዳፏ ደበደበችው። «ክፈትልኝ! ዋቅጅራ፣ ክፈትልኝ!»

ከፈተላት። ጉልበቷ ድረስ እየሰጠመች ደረሰች። መስታወቱን በክንዷ ጠረገችው። አቶ ለገሰ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሳጥኑ ጭናቸው ላይ ነው። ቁልፉ ተሰክቷል፤ ሞተሩ ግን አልተነሣም።

«ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ!»

አላይዋትም።

«ጋሼ፣ ሊሰድቡኝ ከሆነ ከፍተው ይስደቡኝ! እትዬ ታደለችን ምን ብዬ ነው የማያት?»

የሚስታቸው ስም ሲነሣ ዓይናቸው ወደ እሷ መጣ። ቁልፉን ነቀሉ፤ በሩን ከፈቱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሄዶ ነበር። በቦታው የቀረው ድካም ብቻ ነው፤ ሽማግሌ መሆናቸውን ስሂን ያን ጊዜ ነው ያየችው። ሳጥኑን አንሥተው ዘረጉላት።

«ውሰጂው» አሉ። «ለሚመለከተው ስጪው። እኔ ዘንድ ካደረ ሐሳቤን እለውጣለሁ። ራሴን አውቃለሁ።»

ተቀበለቻቸው።

«ስለ ወረቀትሽ ግን» አሉ፣ «ቃል አልሰጥሽም። አሁን ምንም ብልሽ ውሸት ነው።»

«አልጠየቅኩዎትም።»

«አልጠየቅሽኝም» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሆነ የራቃቸው ነገር እንደ ገባቸው ሁሉ። «ሂጂ፣ ትታመሚያለሽ።»

«ሳጥኑን ብቻ ይዤ አልሄድም። ይነሡ።»

«ተይኝ ብዬሻለሁ።»

«አልተውዎትም» አለች ስሂን። ሳጥኑን በአንድ ክንዷ አቅፋ ሌላውን እጇን ሰጠቻቸው። እጇን አዩት። ያ ሙዚየም ገብተው ያደነቁት እጅ ነው፤ አሁን በብርዱ ቀልቷል። ያዙትና ወጡ።

ዋቅጅራ ምንም ሳይጠይቅ የፊቱን በር ከፈተላቸው። ዋቅጅራ በየጊዜው እየወጣ ፓይፑን ይጠርጋል፤ ሲመለስ እፍ እፍ እያለ እጁን ያሻሻል። አቶ ለገሰ ሳይተኙ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ስሂን ከፕላስቲኩ ወዲህ ሆና ጭንቅላታቸውን አየች። እኚህን ሰው በአንድ ቃል እንዳዋረደቻቸው ታውቃለች፤ ዞር የምትልበት ስንዝር መሬት አጥታ ግን ከዋቅጅራ ማሞቂያ ጋር አብራቸው ትሞቃለች። እንዲህ ያለ እስር ገጥሟት አያውቅም። ለመለያየት እንኳ መንገድ መከፈት ነበረበት።

መንገዱ የተከፈተው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። ዛፉን ቆራርጠው አነሡት፤ በረዶ የሚጠርገው መኪና ቢጫ መብራቱን እያሽከረከረ አለፈ። የአቶ ለገሰን መኪና እዚያው ትተው፣ ዋቅጅራ በቀስታ እየነዳ ቤልትዌይ አስገባቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርሱ ሊነጋጋ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ መብራት የለም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በየመንገዱ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ዋቅጅራ ታሪፍ ሊቀበል እንቢ አለ። «ፋዘር፣ አንድ ቀን ሱቅዎ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። አቶ ለገሰ የታክሲው መብራት እስኪጠፋ ድረስ በረዶው ላይ ቆመው አዩት።

እትዬ ታደለች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው በሩ ላይ ጠበቋቸው። ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። ባለቤታቸውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሷቸው፤ ስሂንን ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ ባትሪው ሳጥኑ ላይ አረፈ።

«አልወሰዱትም እንዴ? ሰውዬው ምን አሉ?»

አቶ ለገሰ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ። ማሰሪያው በርዶ ደርቆ እንቢ አላቸው።

«ለገሰ? ምን ተባለ?»

«እሷን ጠይቂያት» አሉ፤ ቀና ሳይሉ።

እትዬ ታደለች ባትሪውን ወደ ስሂን መለሱ። ብርሃኑ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከሳጥኑ የወረደው በረዶ ቀልጦ በክንዷ ይንጠባጠባል።

«ልንመልሰው ነው እትዬ» አለች።

«ልትመልሱት? ለማን?»

«ባለቤቱን እንፈልጋለን።»

እትዬ ታደለች ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። አቶ ለገሰ አንዱን ጫማ አወለቁ፤ ውስጡ የገባውን በረዶ በደረጃው ላይ አራገፉ፤ ሌላውን መፍታት ቀጠሉ። «ልንመልሰው» ያለችውን አላረሟትም።